የሱፍ የቤት ጫማ አጠባና አያያዝ፦ እግራቸው ለደነዘዘ የስኳር ሕመምተኞች

ክብረ መንግሥት ላይ ብርዱ የሚሰማው ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ሰማዩ ሳይገለጥ በሚሰነብትባቸው ሳምንታት ነው። በዚህ ጊዜ ወደ ምርመራ ክፍሌ የሚገቡ የስኳር ሕመምተኞች ብዙዎቹ «ዶክተር፣ እግሬ በረዶ ሆነ» ይላሉ። ልጆቻቸው የሱፍ የቤት ጫማ ገዝተውላቸዋል፣ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ልኮላቸዋል። ስጦታው መልካም ነው። ሆኖም እግሩ የደነዘዘ ሰው የሚያደርገው ጫማ በተገኘው ውሃና ሳሙና ታጥቦ ከሰል ዳር ሊደርቅ አይገባም። የጠበበ፣ የረጠበ ወይም ጠጠር የገባበት ጫማ ጤነኛውን እግር ስለሚያሳምመው ወዲያው ይወልቃል። የደነዘዘው እግር ግን አይናገርም፤ ጫማው ቀኑን ሙሉ ሲያቆስለው ይውላል።

ይህን የምጽፈው ለራሳቸው ለሕመምተኞቹም ነው፤ ይልቁንም ግን በቤት ውስጥ ጫማውን ለሚያጥበው ሰው፣ ማለትም ለልጅ፣ ለባለቤት ወይም ለእህት ነው።

እግሩ በርዶታል ወይስ ደንዝዟል?

ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ የደም ስኳር ረጃጅም ነርቮችን ይጎዳል። ጉዳቱ ከእግር ጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ሕመምተኛው የሚሰማው ነገር ይለያያል፤ አንዱ ያቃጥለኛል ይላል፣ ሌላው ይጠቀጥቀኛል፣ ሌላው ጉንዳን የሚወርረኝ ይመስለኛል ይላል። «በረደኝ» የሚሉትም ብዙ ናቸው። ስለዚህ ጫማ ከመግዛትዎ በፊት እጅዎን እግራቸው ላይ ያድርጉ። እጅዎ ሙቀት ከተሰማውና እርሳቸው ግን «ቀዝቃዛ ነው» ካሉ፣ ችግሩ ያለው ነርቩ ላይ ሊሆን ይችላል። ሱፉ ምቾት ይሰጣል እንጂ ነርቩን አይመልስም። እግሩ ለእጅዎም ከቀዘቀዘ፣ በተለይ አንደኛው ከሌላው ይልቅ ከቀዘቀዘና ቀለሙ ከተለወጠ ደግሞ የደም ዝውውሩ መታየት አለበት። ይህን ጫማ አይፈታውም።

ቤት ውስጥ ሊያደርጉት የሚችሉት ቀላል ፍተሻ አለ። ሕመምተኛው ተኝተው ዓይናቸውን ይጨፍኑ። የሁለቱንም እግር አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሿን ጣት ጫፋቸው ላይ በአመልካች ጣትዎ ተራ በተራ፣ ለ1 ወይም ለ2 ሴኮንድ ብቻ በስሱ ይንኩ። አይጫኑ፣ አይሹ፣ አይኮርኩሩም። የተሰማቸው ጊዜ ይንገሩዎት። በጠቅላላው 6 ቦታ ነክተው 2 ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማቸው፣ እግሩ ራሱን ከጉዳት የሚጠብቅበትን ስሜት አጥቷል ብለው ያስቡና ለተሟላ ምርመራ ያምጧቸው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ በተለይ ለእንዲህ ያለው እግር ነው።

ከማጠብዎ በፊት ውስጡን ይዩት

ባለፉት ዓመታት ካየኋቸው ሰዎች መካከል የማልረሳቸው አንዲት እናት አሉ። ያመጣቻቸው ልጃቸው ናት። ቅዳሜ ዕለት የእናቷን የሱፍ ጫማ ልታጥብ ስታነሣ በቀኙ ጫማ ውስጥ የብር ሳንቲም የምታክል ቡናማ እድፍ አገኘች። ቡና የፈሰሰበት መስሏት ሳሙና ልትመታው ስትል ሸተታት። እናቷን አስቀምጣ ውስጥ እግራቸውን ብታይ፣ ከአውራ ጣታቸው ሥር መግል የያዘ ቁስል ነበር። እናትየው አንድም ቀን አላመማቸውም። ቁስሉ አጥንት ሳይደርስ ስለተገኘ በተደጋጋሚ ጽዳትና በመድኃኒት ዳነ። ቀድማ አጥባው ቢሆን ኖሮ እድፉ ይለቅ ነበር፤ ቁስሉም ለሌላ ሁለት ሳምንት ሳይታወቅ ይቆይ ነበር።

ስለዚህ ጫማው ውሃ ከመንካቱ በፊት ወደ ብርሃን ያውጡትና ውስጡን ይመልከቱ። እጅዎንም እስከ ጣቱ ጫፍ ድረስ ያስገቡ። ደም፣ መግል፣ ቢጫ ወይም ቡናማ እድፍ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የደረቀና የጠጠረ ሱፍ፣ ከወትሮው የተለየ ሽታ ካገኙ ጫማውን ያስቀምጡና እግሩን ይዩ። በጣቶቹ መካከል፣ ተረከዙን፣ ውስጥ እግሩን ጭምር። ሕመምተኛው ብቻቸውን የሚኖሩ ከሆነ መስታወት መሬት ላይ አስቀምጠው ውስጥ እግራቸውን ማየት ይችላሉ።

ከጫማ ውስጥ የማይወጣ ነገር የለም፦ ጠጠር፣ የቡና ፍሬ፣ የልጅ መጫወቻ፣ የመርፌ ቁልፍ። ወደ ነገሌ ቦረናና ከዚያ በታች ባለው ቆላ ጊንጥም ይጨመራል። ጫማው ሳይራገፍ እግር ውስጥ አይገባም። ይህ የሚደረገው በሚታጠብበት ቀን ብቻ ሳይሆን በተደረገ ቁጥር ነው።

እውነተኛ ሱፍ ነው?

እዚህ ላይ ሱፍ የምለው የበግ ጠጉሩን እንጂ የሚጠጣውን የሱፍ ፍሬ አይደለም። ገበያ ላይ «የሱፍ» ተብሎ ከሚሸጠው የቤት ጫማ ውስጥ ብዙው ግን ሱፍ መሳይ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ለመለየት ከውስጡ አንድ ክር ነቅለው በመቆንጠጫ ይዘው በክብሪት ያቃጥሉት። የተቃጠለ ጠጉር ከሸተተና በጣት ሲነካ የሚፈረፈር አመድ ከሆነ ሱፍ ነው። ቀልጦ እንደ ላስቲክ ጠጣር እንክብል ከሆነ ሰው ሠራሽ ነው። ሰው ሠራሹ እንደ ሱፍ በእጥበት አይሰበሰብም፤ ላብን ግን እንደ ሱፍ አይመጥም፣ እሳት አጠገብ ደግሞ ይቀልጣል። የሚከተለው የአጠባ ዘዴ ለሁለቱም ይሆናል።

አጠባው

የበግ ጠጉር በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው። ሙቅ ውሃና ፍትጊያ ሲገናኙ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ጨርቁም ይሰበሰባል፣ ይጠጥራል። አንዴ ከተሰበሰበ አይመለስም። ስለዚህ ሁለቱን ያስወግዱ፤ ሙቀትን እና ማሸትን።

ጫማውን መጀመሪያ በደረቁ ያራግፉት። ቀዩ ጭቃችን ከያዘው አይንኩት፤ ይድረቅና ለስላሳ ብሩሽ ያንሣው። እርጥብ ጭቃ ሲሹት ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። የውስጥ ሶሉ የሚወጣ ከሆነ አውጥተው ለብቻው ይጠቡት።

የውሃው ሙቀት ከ30 ዲግሪ ማለፍ የለበትም። ቴርሞሜትር ከሌለ ክርንዎን ያስገቡበት፤ ሙቅም ቀዝቃዛም ካልመሰለዎት፣ ወይም ትንሽ ቀዝቀዝ ካለዎት ይሆናል። የሚለካው የሕመምተኛው እጅ ወይም እግር መሆን የለበትም፤ የእጅ ነርቭም ሊጎዳ ይችላልና። እግራቸውን የሚታጠቡበትን ውሃም እንዲሁ እርስዎ ይለኩላቸው፤ ከ37 ዲግሪ በታች ይሁን። «ለድካም ጥሩ ነው» ተብሎ በሙቅ ውሃና ጨው የተዘፈዘፈ የደነዘዘ እግር ቆዳው ተገሽልጦ ሲመጣ አይቻለሁ።

አንድ ሳፋ ውሃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ የጸጉር ሻምፖ ይበቃል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ለሱፍ ይበረታል። በረኪና ደግሞ በፍጹም አይደረግም፤ የበግ ጠጉር ከእኛ ጸጉርና ጥፍር ጋር ዝምድና ያለው ፕሮቲን ስለሆነ በረኪና ጨርሶ ያሟሟዋል። እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ ያነጡበት የነበረው እንዶድም አረፋው ለስላሳ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ የብልሃርዝያ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ያስተዋሉት ይህንኑ እንዶድ ነው። ከተጠቀሙበት ግን ዓይን እንዳይነካ፤ ጫማው ውስጥም ቅሪት እንዳይቀር በደንብ ያለቅልቁት።

ጫማውን ውሃው ውስጥ አስገብተው በመዳፍዎ ጫን፣ ለቀቅ ያድርጉት። አይሹት፣ አይቦርሹት፣ አይጠምዝዙት። 10 ደቂቃ በቂ ነው፤ ዘፍዝፎ ማሳደር ሶሉን የያዘውን ማስቲሽ ይለቀዋል። ከዚያ ተመሳሳይ ሙቀት ባለው ንጹሕ ውሃ 2 ወይም 3 ጊዜ ያለቅልቁት። ውሃ በጀሪካን የሚቀዳበት ቤት ይህ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሳሙናውን ከመጀመሪያው ካሳነሱት ማለቅለቂያውም ይቀንሳል። ውስጡ የቀረ ሳሙና በላብ ሲረጥብ ቆዳን ያሳክካል፣ ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል። የተሰነጠቀ ተረከዝ ደግሞ ለጀርም በር ነው።

ስንት ጊዜ ይታጠብ? ካልሲ ሳይደረግ የማይለበስ ከሆነ በ3 ወይም በ4 ሳምንት አንዴ ይበቃል። በየዕለቱ የሚታጠበው ካልሲው ነው። ነጭ የጥጥ ካልሲ ይምረጡ፤ ነጭ እንዲሆን የምፈልገው ደምና መግል ቶሎ ስለሚታይበት ነው። ላስቲኩ ቁርጭምጭሚት ላይ ምልክት የሚተው ከሆነ ጠብቋል። ስፌቱ ጣት የሚነካ ከሆነ ገልብጠው ያልብሷቸው።

ማድረቅ

ችግር የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ጫማውን በወፍራም ፎጣ ጠቅልለው ይጫኑት፤ ፎጣው ብዙውን ውሃ ይጠጣል። ከዚያ ቅርጹን እንዲይዝ ንጹሕ ጨርቅ ውስጡ ሞልተው ነፋስ የሚያገኝ ጥላ ሥር ያስጡት። ጋዜጣ አይሙሉበት፤ ቀለሙ ይለቃል። በየተወሰነ ሰዓቱ ጨርቁን ይለውጡ።

ከሰል ማንደጃ ዳር፣ ትኩስ ምጣድ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አያስቀምጡት። ሱፉ ይደርቃል፣ ይሰበሰባል፣ የላስቲክ ሶሉም ይጣመማል። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ጫማው እዚያ ከተሰጣ ሕመምተኛው ሄደው የሞቀውን ጫማ ወዲያው ያደርጉታል፣ ወይም «እስኪደርቅ» ብለው ባዶ እግራቸውን ወደ ከሰሉ ይዘረጋሉ። የማይሰማው እግር ሲቃጠል ባለቤቱ አያውቅም።

በደረቅ ወቅት አንድ ቀን ይበቃዋል። በእኛ አካባቢ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር በመሆኑ በእነዚህ ወራት 2 ወይም 3 ቀን ሊወስድ ይችላል። ከላይ የደረቀ ሱፍ ጣቱ ጋ ረጥቦ ሊቆይ ስለሚችል እጅዎን አስገብተው ያረጋግጡ። አቅም ከፈቀደ ሁለት ጥንድ ይኑራቸው፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይደረጋል። ሁለተኛ ጥንድ ከሌለ ደግሞ እስኪደርቅ ድረስ ወፍራም ሶል ያለው ሌላ ጫማ ያድርጉ እንጂ በካልሲ ብቻ አይሂዱ።

ከታጠበ በኋላ ልኩን ያረጋግጡ

ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም፤ ሥራው ግን የ5 ደቂቃ ነው። ሕመምተኛው ካርቶን ላይ ይቁሙና በእግራቸው ዙሪያ በእርሳስ ያስምሩ። ምሽት ላይ ቢሆን ይሻላል፤ እግር ውሎ ሲያድር ማለትም ወደ ማታ ያብጣል። ከረጅሙ ጣት ፊት 1 ሴንቲ ሜትር ጨምረው ይቁረጡት። ለግራም ለቀኝም እንዲሁ። ጫማው በታጠበ ቁጥር ካርቶኑን ያስገቡ። ሳይታጠፍ ከገባ ደህና ነው። ከታጠፈ ሱፉ ተሰብስቧል፣ ጫማው ለእኚህ ሰው አይሆንም። «ሲያደርጉት ይሰፋል» አይበሉ። ጤነኛ ለሆነ፣ እግሩ ለሚያንስ ሰው ይስጡት።

በጣም የሰፋም አይሁን። እግር ውስጡ ከተንሸራተተ ተረከዙን ይፍቀዋል፤ ሽማግሌ ሰውንም ይጥላል። ከጣት ፊት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ቦታ ተገቢ ነው።

ሽታ፣ ፈንገስና ሙጃሌ

በጣቶች መካከል ነጭ፣ የሚላላጥና የሚያሳክክ ቆዳ ብዙውን ጊዜ ፈንገስ ነው። ሱፍ በቀዝቃዛ ውሃ ስለሚታጠብ ፈንገሱ ከጫማው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ እንዳይቀቀል ደግሞ ይበላሻል። ስለዚህ መጀመሪያ እግሩን ያሳክሙ። እንደ ክሎትሪማዞል ያለ ቅባት ከታዘዘ ማሳከኩ በሳምንት ቢቆምም የተባለውን ጊዜ ይጨርሱ። በሕክምናው ወቅት የጥጥ ካልሲውን በ60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ያጥቡ፤ የሱፍ ጫማውንም ያለ ካልሲ አያድርጉ። ያረጀ ከሆነ ይጣል። እግር ከታጠቡ በኋላ በጣቶች መካከል ማድረቅ ከማንኛውም ቅባት በፊት ይቀድማል። ቫዝሊን ለተረከዝና ለውስጥ እግር ጥሩ ነው፤ በጣቶች መካከል ግን አይቀባም፣ ያረጥባል።

እንግዳ ሲመጣ የቤት ጫማ ማቅረብ ወጋችን ነው። የሕመምተኛው ጫማ ግን ለእንግዳ አይሰጥም። ስስት ስላልሆነ አይፈሩ።

ጫማውን በአፈር ወለል ላይ፣ ዶሮና ውሻ በሚተኙበት ጥግ አያሳድሩት፤ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ሙጃሌ በደረቅ አፈርና አቧራ ውስጥ የምትኖር ቁንጫ ናት። እንስቷ በጥፍር ዙሪያና በውስጥ እግር ቆዳ ውስጥ ትገባና ታብጣለች፤ መካከሉ ጥቁር ነጥብ ያለው ነጭ እብጠት ይታያል። ጤነኛው ሰው ያሳክከዋል፣ የደነዘዘው አያውቃትም። የስኳር ሕመምተኛን ሙጃሌ በእሾህ ወይም በመርፌ ቁልፍ ቤት ውስጥ አያውጡ። ጤና ጣቢያ በንጹሕ መሣሪያ ይወጣል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ካስፈለገ እዚያው ይሰጣል።

የሱፍ ጫማ የማይበቃበት ቦታ

እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። ስስ ሶል ያለው የሱፍ ጫማ ስሜቱን ላጣ እግር ቤት ውስጥም ቢሆን አይበቃም። ዓለም አቀፍ የስኳር እግር ሕክምና መመሪያዎች እንዲህ ያለ እግር ያላቸው ሰዎች ቤትም ሆነ ደጅ በባዶ እግር፣ በካልሲ ብቻ፣ ስስ ሶል ባለው የቤት ጫማም እንዳይሄዱ ይመክራሉ። ስለዚህ ሲገዙ ጣቱና ተረከዙ የተዘጋ፣ ሶሉ በእጅ ሲታጠፍ እንደ ጨርቅ የማይተጣጠፍ ወፍራም ላስቲክ የሆነውን ይምረጡ። ስስ ከሆነ አልጋ ላይና ወንበር ላይ ለሙቀት ይጠቀሙበት፤ ሲነሡ ሌላ ጫማ ይለውጡ።

ከቤት ሲወጣ ሱፉ እቤት ይቀራል። በሻኪሶና በአዶላ ወንዞች ዳር ወርቅ ሲያጥቡ የሚውሉ አባቶች ውሃ ውስጥ በባዶ እግር ቆመው ውለው፣ ማታ እርጥብ እግራቸውን ሱፍ ውስጥ ይከትታሉ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ለዚያ ሥራ ቦት ጫማ ያስፈልገዋል፤ ማታም እግሩ ታጥቦ፣ ታይቶና ደርቆ ነው ጫማ የሚያደርገው። በእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን የእግር እብጠትም ስለሚያመጣ፣ ስኳር የሌለበትም ሰው ቢሆን ጫማ ያድርግ እላለሁ።

ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጫማ ይወልቃል። ወፍራም ንጹሕ ካልሲ ይዘው ይሂዱ፣ በቀትር ፀሐይ በጋለ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ላይ አይቁሙ፣ ከውዱእ በኋላ በጣቶች መካከል ያድርቁ፣ ቤት ሲመለሱ ውስጥ እግርዎን ይዩ።

በዚያው ቀን የሚያስመጡ ምልክቶች

ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ቁስል፣ ውሃ የቋጠረ ቆዳ፣ ጥቁር ወይም ሰማያዊ የሆነ ጣት፣ መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ የሚስፋፋ መቅላት ካዩ ነገ አይበሉ። አንዱ እግር ከሌላው ይልቅ ቀልቶ፣ አብጦና ሞቆ ከተገኘ፣ ቁስል ባይኖርና ባያምም እንኳ፣ አጥንትና መገጣጠሚያ እየተጎዳ ሊሆን ስለሚችል አያስኬዷቸው፤ በተሽከርካሪ ያምጧቸው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የስኳር መጠን ያለወትሮው መጨመር ካለበት ማታም ቢሆን ይምጡ።

እስከዚያ ቁስሉን በንጹሕ ውሃ አጥበው በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ይሸፍኑት። የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና አያድርጉበት፤ ውሃ የቋጠረውንም አያፍርጡ። እግሩ አይረገጥበት። ቁስሉ ከጤና ጣቢያ አቅም በላይ ከሆነ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ሐዋሳ ሪፈር ሊጻፍ ይችላል። ሪፈር ሲጻፍልዎ «ቅባቱን ልሞክር» ብለው ሳምንት አያሳድሩት።

ሲመጡ ጫማውንም ይዘውት ይምጡ፤ ያልታጠበውን። ቁስሉ ያለበትን ቦታና ጫማው ያረጀበትን ቦታ አስተያይቼ ነው ብዙ ጊዜ ምክንያቱን የማገኘው።